በር የምታንኳኳዋ ልጅ

ተማሪዎቹ «እትዬ ጭራቅ» ይሏት ነበር። ስሙን ያወጡላት በክፋት አልነበረም። ቀን ቀን የርእሰ መምህሩ ጸሐፊ ናት፤ ደብዳቤ ትተይባለች፣ ማህተም ትመታለች፣ አርፋጅ ትቆጣለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለጎረምሶችና ለኮረዶች አስፈሪ አጫጭር ታሪኮችን ትጽፋለች። ሁለት መድበል አሳትማለች፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ሽፋናቸው ተገነጣጥሎ አልቋል።

ትዳር አልያዘችም። ልጅ ግን አሳድጋለች፤ የታናሽ ወንድሟን ልጅ። ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት ሕፃኗን አምጥቶ እህቱ እቅፍ ውስጥ አኖረና መንገዱን ቀጠለ። ልጅቷ ኮሽ ሲል ቀድማ የምትሰማ፣ ዐይኗ የማያርፍ ስለነበረች «ቆቂት» ተባለች።

ታሪኮቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈተኑት በቆቂት ነበር። አክስቷ ሽንኩርት እየከተፈች ትተርካለች፤ እሷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ትሰማለች።

«ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ነገር ልጅቷን በስሟ ጠራት።»

«በቁልምጫ ነው በሙሉ ስሟ?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ኧረ አክስቴ! የሚያስፈራውማ በቁልምጫ ሲጠራሽ ነው። በሙሉ ስም የሚጠራ አስተማሪ ነው።»

እውነቷን ነበር። ታሪኩ በቁልምጫ ታተመ፤ ስንቱን ተማሪ እንቅልፍ ነሳው።

አሥራ አምስት ሲሞላት ደረጃ መውጣት ያቅታት ጀመር። ልቧ ነበር፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታሞ የኖረ፣ ማንም ያልነቃበት ልብ። ሆስፒታል ስትተኛ አክስቷ ፈቃድ ወስዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እዚያው ክፍል የተኙት ልጃገረዶች አስታማሚዋ ማን እንደሆነች ሲያውቁ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ጩኸትና ሳቅ ሆነ። ነርሷ በሩን በርግዳ ገባች።

«ምን ጉድ ነው? የልብ በሽተኛ በጭራቅ ይታከማል እንዴ?»

«ሲስተር፣ መጨረሻው ብቻ ነው የቀረው» አለች ቆቂት።

ልትቆጣ የመጣችው ነርስ በሩን ተደግፋ መጨረሻውን ሰማች።

አንድ ቀን ቆቂት ትንፋሿ እያጠራት፣ «ቀጣዩ መጽሐፍሽ ውስጥ አስገቢኝ» አለች።

«አስገባሻለሁ።»

«ግን የምትሞተዋን እንዳታደርጊኝ፤ የምታስፈራዋን አድርጊኝ። በር እያንኳኳሁ ሰው የማስጨንቅ!»

አክስቷ «እሺ» ብላ ብርድ ልብሷን አስተካከለችላት።

ቆቂት ዓመቱን አልጨረሰችም። አባቷ ከመንገድ የደረሰው ለቀብሯ ነው።

ሰዉ «ጻፊ፤ ይወጣልሻል» አላት። ጻፈች። የሞተች ልጅ ወደ ቤቷ ትመጣለች፣ በር ታንኳኳለች፣ ቤተሰቡ ይርበደበዳል። እስከዚህ ብዕሯ አልተደናቀፈም። ከዚህ በኋላ የታሪኩ እናት መጮህ፣ በሩን መቀርቀር ነበረባት። እናትየዋ ግን እምቢ አለች። ደጋግማ ብትጽፈውም እናትየዋ በባዶ እግሯ ሮጣ በሩን ትከፍታለች፤ «ብርድ መታሽ እኮ፣ ግቢ» ትላታለች።

አሳታሚው አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ይኼ እኮ አያስፈራም።»

«አውቃለሁ።»

«አንባቢዎቻችን ሊፈሩ ነው የሚገዙን። በሩ ባይከፈትስ?»

«አንተ ብትሆን አትከፍትም?»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ሦስተኛው መድበል ያለዚያ ታሪክ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አስፈሪ ነገር ጽፋ አታውቅም።

ወንድሟ ከታሪኮቿ አንዱንም አንብቦ አያውቅም ነበር፤ «የልጆች ወሬ» ነበር የሚለው። አንድ እሁድ ከሰዓት መጣና የቆቂት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ስለሷ የጻፍሽው አለ አሉ። እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። በሩ የሚንኳኳበት ቦታ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ።

«እሺ፣ ከዚያስ? ከፈቱላት?»

«ከፈቱላት።»

የአልጋ ልብሱን ዳሰሰ። «አባትየውስ? ቤት ነበር?»

በታሪኩ ውስጥ አባት የሚባል ሰው የለም። ወረቀቱን አየች፤ በናፍጣ የጠቆሩትን የወንድሟን እጆች አየች።

«ነበር» አለች። «ቀድሞ በሩ ጋ የደረሰው እሱ ነው።»

«እስቲ እሱን ቦታ ድገሚልኝ።»

ባዶውን የገጹን ግርጌ እያየች አነበበችለት።