ቦርሳ መራጩ አዳኝ

ያ ክረምት ዝናቡ እንደ ክፉ እንግዳ አልወጣም ያለበት ነበር። በሱቁ ያለው ቦርሳ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ለሻጯም የራሷ ልብ አብሮ የሻገተ ይመስላት ነበር። አንድ ቀን ሻጋታውን ስትወለውል አንድ ሸበቶ አዳኝ ያረጀ ውሻ ታቅፎ ገባ። የውሻው ፀጉር በወጉ ተበጥሯል፤ የእሱ ግን ማበጠሪያ የሚባል ነገር አያውቅም።

«በጀርባ የሚታዘል የአደን ቦርሳ ፈልጌ ነበር፣ እህቴ።»

ካወረደችለት ቦርሳ ሁሉ የአንዱንም ኪስ አላየ፣ ዚፕ አልሞከረ። ውሻውን ቀስ አድርጎ ይከተውና «ተመቸህ ወይ ጌታው?» ይለዋል። ውሻው ካቃሰተ ቦርሳውን ይመልሳል።

«ኧረ ጋሼ፣ ለመሆኑ አደን የሚወጣው ማነው?» አለች ሳቋን መዋጥ አቅቷት።

«እሱ ነዋ! እግሩ ከዳው እንጂ አፍንጫው ደህና ነው። ሳይሞትብኝ ጫካውን አንዴ ያሽትት ብዬ ነው።»

በመጨረሻ ውሻው አንደኛው ውስጥ እንደገባ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

«ይሄ እኮ የጠመንጃ ማሰሪያ የለውም» አለችው።

«ጠመንጃ ደግሞ መቼ ያሸታል!» አለና እንዳይቀሰቅሰው በዝግታ አዘለው።

አዳኙን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ያሳፈረው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አዳኙ ጫካው ጫፍ ከመኪናው ወርዶ፣ ውሻው በትከሻው ላይ አንገቱን አውጥቶ፣ አፍንጫው ወደዞረበት ሲገቡ አይቷቸዋል።