መርዶ በሬዲዮ አይነገርም

ጋዜጠኛው ደሞዝ የሰቆጣ የሬዲዮ ዜና ቅርንጫፍ ኃላፊ በነበረበት ዘመን ጋዜጠኝነት ማለት መቅደም ነበር። ቀድሞ የላከ ይመሰገናል፣ የዘገየ ይወቀሳል። እሱም ለዓመታት ሲቀድም ኖረ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ የነሐሴ ከሰዓት፣ ተከዜ ሞልቶ ተሻጋሪዎችን መውሰዱን ሰማ። ከሟቾቹ አንዱ ያለው የሚባል ሰው ነበር፤ ቆላ ወርዶ ያለችው የኒሯቅ መንደር ነዋሪ የእማማ ብርሃነሽ አንድያ ልጅ፣ ከሱዳን ወደ ቤቱ ሲመለስ። እናቱ እሱ የላከላቸውን ሬዲዮ ከራስጌያቸው አድርገው፣ የማለዳ ዜና ሳይሰሙ ከመደባቸው አይወርዱም።

ጉም ከተማውን ውጦት ቤቶቹ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ደሞዝ ዜናውን በስልክ ሲያነብ ድምፁ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ መሰለው።

«ስሞቹስ?» አለ ተስፋው፣ የአዲስ አበባው አዘጋጅ።

«አልልክም። መርዶ በሬዲዮ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ደጃፍ ቆሞ ነው የሚያረዳ።»

«አንተ ሰው፣ ጋዜጠኛ ነህ ወይስ እድርተኛ?»

«ሁለቱም ነኝ። ዛሬ እድርተኛው ይበልጣል።»

«እንግዲያስ ወንበርህን ትለቃለህ!»

«ወንበር ይገኛል። እናትየዋ ግን የነበራቸው አንድ ልጅ ነው።»

ስልኩን ዘግቶ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እህል የጫነ መኪና ላይ ወጣ። መኪናው በጉሙ ውስጥ እንደ ታንኳ ቀዘፈ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የቆላው ሙቀት ተቀበላቸው። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ፣ ደሞዝ ሩቁ ወንዝ ሰውን በስሙ ሲጠራ የሰማ መሰለው። መንገዱ ሲያበቃ በእግር ቀጠሉ።

ጎህ ሲቀድ ከእማማ ብርሃነሽ አጥር ደረሱ። ከጎጆው ውስጥ ሬዲዮው ይናገራል፦ በተከዜ ሙላት የሰው ሕይወት አለፈ። ቀጥሎ የእማማ ብርሃነሽ ድምፅ ተሰማ፦ «የማን ልጆች ይሆኑ፣ እኔን!»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ገቡ። ጩኸቱ መንደሩን ቀሰቀሰው፤ ጎረቤት ሁሉ ደረሰ። እማማ ብርሃነሽ ሲወድቁ የሚይዛቸው እጅ ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል ደሞዝ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ከፈቀዱልኝ ስሙን ልላክ።»

«ላክ ልጄ። ግን የብርሃነሽ ልጅ በል። አባቱን ማን ያውቀዋል? ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

ሰቆጣ ተመልሶ ቃላቸውን እንዳለ ላከው። ተስፋው ቃል በቃል ጻፈው። የወንበሩን ነገር ዳግም ያነሣው የለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ቤተሰብ መርዶውን ሳይረዳ የሟች ስም እንዳይነበብ ለየቅርንጫፉ ትእዛዝ ደረሰ።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ስሙ በተላከ ማግስት ማለዳ፣ ሬዲዮው «ያለው፣ የብርሃነሽ ልጅ» ሲል፣ የኒሯቅ ለቀስተኛ ከድንኳኑ ስር ተሰብስቦ አዳመጠ።