አልጠፋ ያለው ኮምፒዩተርና የየኔታ ቅኔዎች

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ነን። መጀመሪያ እኔ፤ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ የነበረኝ፣ መተየብን ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ የለመድሁ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ፤ በሱቁ አንድ ጎን ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥ። ሦስተኛዋ ልጃችን፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ኮምፒዩተር የምትማር፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣች የምታግዘን። አራተኛው የዲማው የቅኔ መምህር፤ የኔታ የምንላቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ የመምህራቸውን ቅኔዎች ከነምስጢራቸው ሊያጽፉ ወደ እኛ መጡ።

ቅኔዎቹ በጽሑፍ ኖረው አያውቁም። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ ይባላል፣ ያልፋል፤ የያዘ በልቡ ይይዘዋል። እነዚያን በልቡ የያዘ ከየኔታ በቀር የቀረ ሰው አልነበረም። “እኔ ስሄድ መምህሬ ሁለተኛ ይሞታሉ” ብለው ነው ለመጻፍ የፈቀዱት። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ፤ ልጄ ትተይባለች።

በተማሪዎች ፍላሽ የመጣ ቫይረስ አንድ ጊዜ ሥራ አበላሽቶብኝ ስለ ነበር፣ በሱቄ ፍላሽ እንዳይሰካ ከልክዬ ነበር። ስለዚህ የየኔታ ጽሑፍ የነበረው በዚያው በአንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። ልጄም ቫይረስ እንዳይገባበት ብላ፣ አንድ ቀን ከስልኳ ኢንተርኔት አገናኝታ አፕዴት አደረገችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጠፋም አለ። አጥፋ ሲሉት ስክሪኑ ይጨልማል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ግን ይነፋል፣ መብራቷም እንደበራች ነው። ልጄ ከተሰኩበት ዕቃዎች አንዱ ይሆናል የሚያነቃው ብላ ፕሪንተሩን ነቀለች፣ ከዚያ ማውሱን፣ ከዚያ ኪቦርዱን። አልሆነም።

የኔታ ማራገቢያውን አዳምጠው ሳቁ። “ይቺስ ማሕሌት የቆመች ደብተራ ናት፤ አትተኛም።”

“ደብተራስ ሲነጋ ያንቀላፋል፣ የኔታ” አለች ባለቤቴ።

“ጠላ ከቀመሰማ ሳይነጋም!”

የእኛ መደዳ ሱቆች በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነበር የሚሠሩት። አንዱ ጎረቤት ካውያ ረስቶ ሊያቃጥለን ከደረሰ በኋላ፣ ማታ መጨረሻ የወጣ ሰው ዋናውን ማጥፊያ እንዲያወርድ ደንብ ወጣ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያላወረደውን የምቀጣውም እኔ።

“አባባ፣ አሁን አያውርዱት” አለች ልጄ። “ውስጡ ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል። ለዛሬ ብቻ እንደበራ ይደር፤ ነገ ምክንያቱን እፈልገዋለሁ።”

“ለሰው ያወጣሁትን ደንብ እኔው ልሰብረው?”

“ለየኔታ ሲሉ።”

“የኔታም ሥርዓት ያውቃሉ።”

ባለቤቴም “ይኸ እንዲህ እየነፋ ዘግቶ መሄድማ ያስፈራል፤ አውርደው” አለችኝ። አወረድሁት።

በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ተንገራግጮ ተነሣ፤ ጽሑፉም በቦታው ነበር። ይህ አደፋፈረኝ። በየማታው ማውረድ ልማድ ሆነ። ልጄ ፈተና ደርሶባት ነገሩን አቆየችው። ጽሑፉን እስካሁን ባለበት በወረቀት እናውጣው ብላ ነበር፤ የኔታ ግን “ያልታረመ ቅኔ ከእጄ አይወጣም፤ ሲያልቅ” አሉ።

ሊያልቅ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ። ጽሑፉ የተቀመጠበትን ዲስክ ያየው ባለሙያ “እየሠራ መብራት እየተቋረጠበት ነው የተጎዳው፤ የሚወጣ ነገር የለውም” አለን። አዲስ ዲስክ ገባ። አፕዴቱ ሲጫን ያው አልጠፋም ባይነቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ልጄ ተቀምጣ ፈለገች። ኮምፒዩተሩ ፈጥኖ እንዲነሣ የሚያደርግ አንድ ምርጫ አገኘች፤ ምልክቱን አነሣችለት። ጠፋ። ማራገቢያውም ዝም አለ። ከመካከላችን ደስ ያለው ሰው አልነበረም።

ሥርዓት የሌለው ቤት ይፈርሳል እያልሁ ልጆቼን አሳድጌአለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ነገር ግን ደንቡ የወጣው እሳት ፈርተን ነው። ከእሳት ለመጠበቅ ደግሞ እኔ ራሴ አንድ ማታ ሱቁ ውስጥ ማደር እችል ነበር። ይህ የታየኝ ዲስኩ ከሞተ በኋላ ነው።

የኔታን እንደገና ይጀምሩልን ብለን ለመንናቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጄ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጥቂት ተናገሩ፤ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንደገና ቆሙ።

“ያን ጊዜ መምህሬ በጆሮዬ ይነግሩኝ ነበር” አሉ። “አሁን ዝም ብለዋል።”

“ነገ ይሞክሩት፣ የኔታ” አለች ልጄ።

“ደብተራዪቱን አስተኝተሻታል፣ ልጄ፤ ደግ አደረግሽ። እኔንም ተይኝ ልተኛ።”

ወደ ዲማ ተመለሱ። ድምሩ እንግዲህ ይህ ነው። እኔ ዲስክ ገዛሁ፤ በዚያም ደንብ ዳግመኛ ሰው አልቀጣሁበትም። ባለቤቴ “አውርደው” ያልሁት እኔ ነኝ እያለች ዛሬም ታነሣዋለች። ልጄ ትምህርቷን ጨረሰች፤ የሰው ጽሑፍ ግን አልነካም አለች። የኔታ ያን ሁሉ መንገድ ተመላልሰው ባዶ እጃቸውን ገቡ። ከመምህራቸው ቅኔዎች የቀረን በዚያ በመጨረሻው ቀን የተተየበው ነው፤ ግማሽ ገጽ።