በወረቀት ላይ የነበረችው ምንጭ

ባለፈው እሑድ ከጅዳ አንድ ፎቶ በስልኬ መጣ። ከደብተር የተገነጠለ ገጽ ነው፤ እጥፋቱ ነጥቷል፣ ጠርዙ ተበልቷል። በጥቁር እስክሪብቶ የተሳለ ተራራ አለበት፤ ወገቡ ላይ ደግሞ አንዲት ሰማያዊ ክብ። አጠገቧ በእኔ የእጅ ጽሑፍ «ምንጭ» ይላል። ከፎቶው ሥር ሰይድ እንዲህ ጽፏል፦ «ጥቅምት ላይ ለአገሬ እበቃለሁ፣ ኢንሻአላህ። በር አጥን እንወጣዋለን። እዚህ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ ያችን ምንጭ እያሰብኩ ነው የኖርኩት።»

ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ «ሰይድ ሊመጣ ነው» አልኳት። የደስታ መስሏት እልል አለች።

በር አጥ ከመካነ ሰላም በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የድንጋይ ተራራ ነው። ስሙን ያገኘው ከሩቅ ሲያዩት መውጫ ያለው ስለማይመስል ነው። ዙሪያው ገደል ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ሰው የሚሾልክበት ስንጥቅ አለው። ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ወዲህ የዓባይን በረሃ፣ ወዲያ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ያያል ይባል ነበር።

ያኔ ኢሕአዴግ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። እኔና ሰይድ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጨርሰን ውጤት እንጠብቃለን። ሰይድ ግን የሚጠብቀው ለይምሰል ነበር፤ ጅዳ ያለች አክስቱ ሰነዱን ጨርሳለት በሰኔ አጋማሽ ሊሄድ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ «አያሌው፣ አገሬን አንዴ እንኳ ከላይ ሳላያት ብሄድ ምኗን ነው የምናፍቀው?» አለኝ። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «የበር አጥን መንገድ እኮ አውቀዋለሁ። የእናቴ አገር አይደል? ሦስት ጊዜ ወጥቼዋለሁ» አልኩት።

እውነቱ ሌላ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የጠፋ በግ ፍለጋ ከአጎቴ ጋር እስከ ስንጥቁ ደርሼ ነበር። ጥቂት እንደወጣሁ ወደ ታች አየሁና እጅ እግሬ ከዳኝ። አጎቴ ወገቤን በመጫኛ አስሮ እንደ ጆንያ አወረደኝ። ከዚያ በላይ ምን እንዳለ አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም፤ አጎቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን ሰው ፊት አላነሣብኝም።

ሰይድ በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም በየቀኑ እጨምርለታለሁ። ከስንጥቁ በላይ ምን አለ? ሜዳ። ከሜዳውስ በኋላ? ሁለት ወይራ። ካርታ ሳልልኝ አለኝ፤ ሳልኩለት። ወረቀቱ ባዶ ባዶ ቢመስለኝ የእኅቴን ሰማያዊ እስክሪብቶ ተውሼ ምንጯን ጨመርኩ። ለማሳመር ያህል ነበር።

ዝግጅቱ ተጧጧፈ። የሰይድ እናት ጭኮ አሹልን፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት ነውና ሁለት ቀን ቢሰነብትም አይበላሽም። እኛ ቤት ቆሎ ተቆላ። የኮንጎ ጫማ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል ተብሎ ከዘመድ በረባሶ ተዋስን። መጫኛው ከጎረቤት መጣ፤ ያንን ሳይ ወገቤን አመመኝ። በየጧቱ እየተነሣሁ ሰማዩን አያለሁ። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ስለሚያድጥ ጉዞው ይቀራል። ከሰዓት ሲሆን ደመናው ይከመራል፣ ያጉረመርማል፣ ይበተናል። በዕድሜዬ እንዲያ ዝናብ ለምኜ አላውቅም።

በምንሄድበት ቀን ዋዜማ ስንቅ ስንቋጥር ሰይድ የውሃውን ጄሪካን አነሣና ወደ ጎን አደረገው።

«ይሄን ምን ያደርግልናል? ላይ ምንጭ አለ አላልክም?»

«አለ» አልኩት።

ያቺን ቃል ብውጣት ምን ነበረበት? ገደል ላይ ከንፈሩ ደርቆ «የታል?» ሲለኝ ታየኝ። አሁን እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ምላሴ አይታዘዘኝም።

ከዓስር ሶላት በኋላ ዱዓ ልናስደርግ ወደ አያቱ ወደ ሼህ እንድሪስ ሄድን። እኔ ክርስቲያን ብሆንም በእኛ አገር ሩቅ የሚሄድ ሰው ዱዓ ሳይቀበል አይነሣም። ሼሁ ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። የአብሽ መጠጥ ቀረበልን። መረቁን፤ «አሚን» አልን። ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል «መሪው ማነው?» አሉ።

«አያሌው ነው፣ አባባ። መንገዱን እሱ ነው የሚያውቀው» አለ ሰይድ።

«እንግዲያ ና ፊቴ ተቀመጥ፣ ልጄ። መዳፍህን ዘርጋ።»

የቤታቸው ልማድ ነበር። መንገድ የሚመራ ሰው ሁለት መዳፉን ይዘረጋል፤ ሽማግሌው የተመሪውን እጅ እዚያ ላይ አኑረው አማና ይላሉ። አማና አደራ ነው፤ ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚፈራው አደራ። ሼሁ የሰይድን እጅ ያዙ።

«ይህ ልጅ አባት የለውም። እኔም ነገ አልኖርለትም። አላህ ፊት አማና ብዬሃለሁ።»

መዳፌ አልተዘረጋም። ጉልበቴ ላይ ተጨብጦ ቀረ።

«አባቴ ሼህ» አልኩ፤ «እናቴን አሟታል። ነገ መሄድ አልችልም።»

ሼሁ የሰይድን እጅ ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው መለሱት። «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ» አሉ። «ያልተቀበልከው አማና አያስጠይቅህም።» ውሸት መሆኑን ያወቁ ይመስለኛል። ሰይድ ግን ደንግጦ «ምን ሆነች? ምነው ሳትነግረኝ?» እያለ እስከ ደጅ ሸኘኝ። ከዚያ የባሰ ቅጣት አላየሁም።

በማግሥቱ ለእናቴ ማር ይዞ መጣ። ደጃፍ ላይ ተቀበልኩትና «ተኝታለች» አልኩት። በዚያው ቅጽበት ከጓሮ እናቴ ዶሮዎቹን ስትራገም ድምፅዋ ተሰማ፤ ጤነኛ፣ ጉልበተኛ ድምፅ። ሰይድ ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ ማሩን አስጨብጦኝ «ይማርልን» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስለ ተራራው አንስቶ አያውቅም። በሰኔ አጋማሽ አሳፈርነው። ካርታው በኪሱ ውስጥ እንደነበረ እስካለፈው እሑድ አላወቅሁም።

እኔ ክረምቱ እንዳለፈ ጥቅምት ላይ አጎቴን ለምኜ በር አጥን ወጣሁ። ስንጥቁ ላይ አለቀስኩ፤ ግን ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሰይድ ሲመለስ ቢያንስ መንገዱን እውነት ላድርግለት ብዬ ነው። ሜዳ የለም፤ ወይራ የለም። ምንጯንም በየድንጋዩ ሥር ፈልጌያታለሁ፤ አንድ ጠብታ የለም። ከላይ ዓባይም የደሴውም መንገድ ይታያሉ። ያ ብቻ እውነት ነበር።

ሼህ እንድሪስ ካረፉ ቆይተዋል። ያልተቀበልኩት አማና አያስጠይቅም ብለውኝ ነበር፤ ያው አማና ግን ሲጠይቀኝ ነው የኖረው። ሰው በሌለች ምንጭ ይህን ሁሉ ዓመት ጥሙን ሲያስታግስ ኖሮ አሁን እንዴት የለችም ይሉታል? ሦስት ቀን ስልኩን እያነሣሁ አስቀመጥኩ። ትናንት ጧት ጻፍኩለት፦

«ሰይድ፣ ምንጭ የለም። ኖሮም አያውቅም። ያኔ መንገዱንም አላውቀውም ነበር፤ እናቴንም አላመማትም። አሁን መንገዱን አውቀዋለሁ። ከመጣህ ውሃውን እኔ እሸከማለሁ።»

መልእክቱን አንብቦታል። መልስ ገና አልመጣም። እኔም ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኩን በሁለት የተዘረጉ መዳፎቼ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።