ከድንጋዩ ሬሳ አጠገብ

ለንደን፣ ስቶክዌል ሰፈር ስኖር ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ። አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ትልቅ ሴት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። እኔ «ቀጠሮዬን ቼክ ላድርግ» ስል እሳቸው «ላጣራ አይባልም?» ይሉኛል።

ካቴድራሉን ማየት የፈለጉት እሳቸው ናቸው። ወንዙ አካባቢ፣ ከባቡር ድልድዩ ጥግ የቆመ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ነው። «ስንት ዓመት በአውቶቡስ አለፍኩት፤ ሳልገባበት ልሙት?» አሉኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ። የእኛ ቸርች ወንበርና ድምፅ ማጉያ የተደረደረበት የኪራይ አዳራሽ ነው፤ መቃብር ያለበት ቤት መግባት ብዙም አይመቸኝም። ቢሆንም ሥራ በማልገባበት ቀን ይዣቸው ወጣሁ።

ኖቬምበር ነበር፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አልተገለጠም። እማማ የካፖርታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈዋል። እኔ ሳስተካክልላቸው ቀኝ እጃቸው ሲነሡ ደንዝዞ እንደነበር ነገሩኝ። ሐኪም ጋ እንደውል ብላቸው፣ ተኝተውበት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም ብለው ቀደሙኝ።

ገና በሩን እንዳለፍን አንድ ወፍራም ድምፅ ተቀበለን። በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ የካቴድራሉ ትልቁ የቧንቧ ኦርጋን እየተቃኘ መሆኑን ነግራን ይቅርታ ጠየቀች። ያው አንድ ድምፅ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። በጫማዬ ሶል በኩል ይሰማኝ ነበር። ከላይ ጣሪያው እንደ ጎድን አጥንት ተቀስሮ ወደ ጨለማው ይገባል። እማማ አንጋጠው አዩና «ዮናስ የዋለው እንዲህ ያለ ቦታ ነው» አሉ። አልሳቁም።

ወለሉ ስም በተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች የተሞላ ነው። እማማ ሙታንን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፣ እኔም ክንዳቸውን ይዤ እከተላለሁ። እንዲያ ስንል ከአንድ ግድግዳ ሥር ከተጋደመ ቅርጽ ጋር ተፋጠጥን። ከድንጋይ የተቀረጸ ሰው ነው፤ ግን በሕይወት ሳለ እንደነበረው ሳይሆን ሬሳ ሆኖ፣ ከስቶ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ አፉ ተከፍቶ። እማማ ደርቀው ቆሙ። ለማማተብ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ደረታቸው ጋ ሲደርስ እጃቸው ወደቀ።

ከዚያ በዝግታ በትግርኛ መናገር ጀመሩ። ለሟቹ እየጸለዩ መስሎኝ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሲጨርሱ ግን ወደ እኔ ዞረው መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዐይን ዐይኔን አዩኝ። እኔ ትግርኛ አልችልም፤ እሳቸውም በትግርኛ አናግረውኝ አያውቁም።

«እማማ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ እንጂ» አልኳቸው።

ያንኑ ደገሙልኝ፣ አሁን በቁጣ። ያን ጊዜ ነው የከንፈራቸው አንድ ጫፍ ወደ ታች መውረዱን ያየሁት። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጬ አስተናጋጇን ጠራኋት፤ እሷም ሮጣ ለአምቡላንስ ደወለች። ኦርጋኑን የሚቃኘው ሰው ምን እንደተፈጠረ አላወቀም፤ ድምፁ አልቆመም። አስተናጋጇ ስልኩን እንደያዘች፣ እማማ የሚናገሩት ትርጉም አለው ወይስ ይዘባርቃሉ ብለው የአምቡላንስ ሰዎቹ እየጠየቁ ነው አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። ልጃቸው መስያት ነበር።

እውነተኛዋ ልጃቸው ሂትሮው አየር ማረፊያ ነው የምትሠራው። ደወልኩላት፤ ደግነቱ እረፍት ላይ ስለነበረች አነሣች። ስልኩን ለእማማ አፍ አስጠጋሁት። ልጅቷ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

«ትክክል ነው የምትናገረው፤ ምንም አልተዘባረቀባትም» አለችኝ በመጨረሻ። «ያቺን ልጅ ምን አስቀየምኳት፣ ለምን አትመልስልኝም፣ ነው የምትለው።»

አምቡላንሱ እስኪመጣ እጃቸውን ይዤ በአማርኛ አወራኋቸው። የድምፄ ለዛ የሚደርሳቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደማያውቁት ሰው ሸሸት ብለው ያዩኝ ጀመር።

የአንጎል ምት ነበር። በሕይወት ተረፉ፤ እግራቸውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አማርኛው ግን እንደወጣ ቀረ። ሐኪሙ ኋላ የተማሩት ቋንቋ ብቻውን ሊጠፋ እንደሚችል፣ አንዳንዴም እንደሚመለስ ለልጃቸው ነግሯታል። መቼ እንደሆነ አልነገራትም።

አሁን ስትሪትሃም ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ስሄድ ያውቁኛል፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ያወሩኛል፤ ልጅቷ ታስተረጉምልናለች። ባለፈው ስሄድ ግን ልጅቷ ሱቅ ወጥታ ነበር። እማማ በግራ እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዙኝና በለሆሳስ ብዙ ነገር ነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ቆመ፤ ጥያቄ ነው። እንደዚያ ቀን ዐይን ዐይኔን እያዩ ጠበቁኝ።

«እሺ፣ እማማ» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁኝና ዐይናቸውን ጨፈኑ። በምን እንደተስማማሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።