ልኳ የነበረ ስም

«እንግዲህ መሽቷል፣ ልግባ ከቤቴ፣
እም… እምም… እምምም…»

ሁለተኛው ስንኝ ሁሌም ይጠፋባታል፤ የምታውቀው ታላቅ እህቷ ነበረች። የጎደለውን በጉሮሮዋ እየሞላች፣ በባሕር ማዶ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ስትተኩስ አረጀች። ጓደኞቿ «ካውያ» ይሏታል። ምሳዋን እንኳ ቆማ ነበር የምትጎርሰው።

«ኧረ ተቀመጪ!» ሲሏት፣ «ካውያ ከተጋደመ ያቃጥላል፤ ጡረታ ስወጣ እቀመጣለሁ» ትላለች።

የሥራ ፈቃዱ የእህቷ ነበር። እህቷ ቀድማ ተሻግራ፣ አርግዛ ስትመለስ ወረቀቷን ለታናሿ ሰጠቻት። መልካቸው ቁርጥ መንታ ነው። «ስም እንደ ቀሚስ ነው፤ ልክሽ ከሆነ ልበሺው» አለቻት እየሳቀች። ለበሰችው። ከደመወዟ ለጡረታ የሚቆረጠውም በዚያው ስም ገባ።

ካውያ ጡረታ ወጥታ ስትመለስ ያረፈችው በእህቷ ልጅ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነው። ምኞቷ አንዲት ክፍል ብቻ ነበር፤ በሯን ከውስጥ የምትዘጋባት። ለኪራዩ ጡረታው አለ። እህቷ ግን በዚያው ክረምት ታማ ሞተች። ሞቷን ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ያስመዘገበችው ካውያ ራሷ ናት፤ እንባዋን እየጠረገች፣ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ፣ አንዲት ፊደል ሳታዛንፍ። በሐዘን ቀን ጡረታ ማንን ትዝ ይለዋል?

የባሕር ማዶውን ጡረታ የሚከፍለው ቢሮ ሠራተኛ ስክሪኑን አየች፣ አሮጊቷን አየች።

«እማማ፣ ባለመብቷ ሞተዋል ይላል።»

«የሞተችው እህቴ ናት። የሠራሁት እኔ።»

«ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

ካውያ መታወቂያዋን አወጣች። እዚያ ላይ ያለው የራሷ ስም ባሕር ማዶ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። መታወቂያውን ትታ፣ እንፋሎት የላጠውን መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«የማን እጅ ይመስልሻል፣ ልጄ?»

ሠራተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እጅዎ አንጀቴን በላው፣ እማማ። ግን በሞተ ሰው ስም አይከፈልም። ደግሞ ይህንን ሌላ ቦታ አያውሩት፤ በሰው ስም መሥራት ያስከስሳል።»

ማታ የእህቷ ልጅ በሩን ከፈተላት። «አክስቴ፣ ምን አሉሽ?»

«ሞተሻል አሉኝ።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ሙት ራት ይበላል እንዴ? ግቢ ባክሽ!»

ሚስቱ ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አከራይዋ ደውላ ነበር፤ ያየሽው ክፍል መቼ ትገቢያለሽ አለች።»

«ለሌላ ታከራየው በያት።»

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሶፋው ላይ በሆቴል ወግ የታጠፈው ብርድ ልብሷ ጥግ ይዟል። ነገም እዚያው ነው፤ ከነገ ወዲያም።

እንደ ወትሮው የቤቱ ልብስ ተቆልሎ ይጠብቃት ነበር። እየተኮሰች፣ በመሃል ቆማ እየጎረሰች ነበር የምታመሸው። ዛሬ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችና እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ በጎኑ አስተኛችው። የቀዘቀዘ ካውያ ቢጋደም ምን ያቃጥላል?

«እንግዲህ መሽቷል…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ቀጣዩን የሚያውቅ ሰው የለም። የራቷን ሳህን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች።