እለፊ ያላት ሹፌር

ኦሎምፒያ ዜብራው ላይ አንድ ሹፌር ቆሞ በእጁ «እለፍ» ሲለኝ እግሬ አይታዘዘኝም። ሰውዬው ጥሩምባ ይነፋል፣ ከኋላው ያሉት ይሳደባሉ፣ እኔ እዚያው እንደተተከልኩ ነኝ። መሳቂያ መሆኔን አውቃለሁ። የጎሮ ታክሲ ውስጥ ገብቼ እስክቀመጥ ልቤ አይረጋም።

ይህ የጀመረኝ ከአንድ መዝገብ በኋላ ነው። ያኔ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ተከሳሾች መንግሥት የሚያቆምላቸው ተከላካይ ጠበቃ ነበርኩ። በአንድ ጠዋት ስምንትም አሥርም መዝገብ ታቅፌ ነው የምገባው። ደንበኞቼን የማገኛቸው ኮሪደር ላይ ነው፤ እንደምን አደሩ ብዬ ስማቸውን ከመዝገቡ ጋር ሳመሳክር ሰዓቱ ያልቃል። ፈጣን ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

ሹፌሩ ሃምሳውን የተሻገረ፣ ከደቡብ መጥቶ ጎሮ የከተመ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን የሚመራ ሰው ነበር። የተከሰሰው ዜብራ ላይ አንዲት ወጣት ገጭቶ በመግደል ነው። ዐቃቤ ሕጉ ጠጋ ብሎ፣ ካመነ ክሱን ወደ ቀላሉ አንቀጽ አወርድለታለሁ አለኝ። እንደ ስጦታ ቆጠርኩት። ሰውዬውን ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳልጠይቀው፣ ቢያምኑ ይቀልልዎታል፣ ቢከራከሩ ይከብድብዎታል አልኩት። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ያላወቅኩት ነገር ነበር። ሰውዬው በዋስ እንደተፈታ ሽማግሌ ይዞ ለቅሶ ቤት ሄዷል፤ ድንጋይ ተሸክሞ የሟች እናት እግር ሥር ወድቋል። በዚያ ወግ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ አይመረመርም። የወደቀው አጥፍቻለሁ ይላል፣ ሐዘንተኛው ይቅር ይላል፣ ሽማግሌ ይመርቃል። እናትየው በእጃቸው ደግፈው አንስተውታል።

ዳኛዋ ክሱን አንብበው ድርጊቱን ፈጽሞ እንደሆነ ሲጠይቁት ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡትን እናት እያየ «አጥፍቻለሁ» አለ። ያስገደደው ሰው እንዳለ ተጠየቀ፤ ማንም የለም አለ። ይሄኛው እውነት ነበር። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተከላካይ ጠበቃ የሚሉት አለ?»

«የለኝም» አልኩ።

ሰውዬው «አጥፍቻለሁ» ሲል ዓይኑ የት እንደነበር አይቻለሁ። እያየሁ ነው የለኝም ያልኩት።

አንድ ምስክር ሳይሰማ ጥፋተኛ ተባለ፤ ከዚያው ወደ ማረሚያ ቤት ተወሰደ። መዝገቡን ከልቤ ያነበብኩት የቅጣት ማቅለያ ልጽፍ ስቀመጥ ነው። የትራፊክ ፖሊሱ በሣለው ፕላን ላይ የሹፌሩ መኪና ከዜብራው በፊት ቆሞ ነበር። የኋላ መከላከያው ተጨፍልቋል። ከኋላ መጥቶ ወደ ልጅቷ የገፋውና ያመለጠ መኪና እንዳለም ከሥር በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ደነገጥኩ፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው ነው።

ማረሚያ ቤት ሄጄ፣ ቅጣቱ ሳይወሰን ቃሉን እንዲለውጥ ለመንኩት። ከሽቦው ማዶ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እለፊ ብዬ በእጄ የጠቆምኳት እኔ ነኝ» አለ። «እኔን አምና ነው የገባችው። እናቷ ይቅር ካሉኝ በኋላ አላጠፋሁም ብል፣ ያን ቀን እግራቸው ሥር የወደቅኩት ውሸት ነበር ማለት ነው?»

ይሄ የሕሊና ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም ብዬ ላስረዳው ይገባ ነበር። ቁጭ ብዬ፣ ተመላልሼ፣ የጸሎት ወንድሞቹንም ይዤ ሄጄ። አላደረግኩትም። እውነቱን ልናገርና፣ እምቢ ሲለኝ ቀለለኝ። ጉዳዩ እንደገና ቢከፈት መዝገቡን ሳላነብ ሰውን አምነህ ውጣ ማለቴ በአደባባይ ይታይ ነበር።

ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ከችሎት ስወጣ እናትየው ደረጃው ላይ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ። ምስኪን ሰው ነው። በደንብ ተከራከርክለት አይደል?»

የፕላኑ ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አዎ፣ እናቴ» አልኳቸው።

ግንባሬን ስመው መረቁኝ።